ፈጣኑ ኮምፖስት

ነሐሴ ላይ ለጓሮ ጎመናችን ኮምፖስት እንድናዘጋጅ ተመከርን። ገለባ፣ እበት፣ ቅጠል፣ አመድና አፈር እየደራረቡ መሐሉ ላይ ዱላ መሰካት፤ ከዚያ ወራት መጠበቅ።

አገራችን አጋርፋ የገበሬ ማሰልጠኛ አገር ነው፤ ይህን ያህል አንጠብቅም። የስንዴውን ገለባ ኮምባይነሩ እንደወጣ እዚያው ማሳው ላይ ለኮስነው። እበቱን ጠፍጥፈን፣ ኩበት አድርገን ማገድነው። ወራት የሚፈጀውን ነገር ባንድ ቀን አመድ አደረግነው፤ አመድ ደግሞ ምክሩ ላይ አለ። ቅጠሉን ፍየሏ ቀደመችን።

ዱላው ግን ቆሟል። ጎረቤቴ በየጠዋቱ ነቅላ ጫፉን በመዳፏ ትዳስሳለች።

«ዛሬም አልሞቀም» ትለኛለች።

ስለ ኮምፖስታችን በቀረበው ሪፖርት ላይ ግን ክምሩ አንድ ሜትር ተኩል ደርሷል፤ በደንብም ሞቋል። ጎመኑ ይህን ስላላነበበ ይሆናል፣ አሁንም ዩሪያ ይጠብቃል።