አሪቻ ከርሞ በአንድ ቋንቋ መመለስ

ዲላ ተመድበዋል እንበል። ወይም የቡና ላኪ ወኪል ሆነው አንድ የለቀማ ወቅት ይርጋጨፌ ወረዳ፣ አሪቻ ቀበሌ ሊከርሙ ነው። ሻንጣዎ ውስጥ ጃኬት፣ ጃንጥላና የጭቃ ቦቲ አለ። አፍዎ ውስጥ ያለው አማርኛ ብቻ ነው። ይህን አማርኛ ባዕድ ቃል ሳይነካው ጠብቆ ወደ ቤት መመለስ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ጌዴኦ ዞን ውስጥ አንድ ቋንቋ ብቻ ይዞ መክረም ልፋትም ንቃትም ይጠይቃል። ያም ሆኖ ዓመታት ኖረው፣ አንድም ቃል ሳይለምዱ፣ በክብር የተሸኙ ሰዎች ስላሉ ተስፋ አይቁረጡ።

አደጋው የሚጀምረው መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አውቶቡሱ ሻሸመኔ አካባቢ ሲደርስ ከኋላዎ ያሉት ተሳፋሪዎች በኦሮምኛ ይጫወታሉ፤ ሐዋሳን ሲያልፍ ወሬው በሲዳምኛ ይሆናል፤ ዲላ ሲቃረብ የጌዴኦ ቋንቋ፣ ጌዴኡፋ፣ ይጀመራል። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ከወንበር ወንበር ቋንቋ ይቀያይራል፤ መልስ ሲያጎድል ደግሞ በሁሉም ቋንቋ እኩል ያጎድላል። እርስዎ ከሐዋሳ ጀምሮ ቢተኙ ይሻላል። የነቃ ሰው ጆሮ ሳይፈልግ ይሰማል።

«ቋንቋው ከባድ ነው» የሚለውን ምክንያት ገና በጠዋቱ ያዘጋጁ። ሲናገሩት ግን ጥንቃቄ ያድርጉ፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ካለበት ከተማ የቋንቋ መምህር አይጠፋምና ሊያሳፍርዎት ይችላል። ጌዴኡፋ ከሲዳምኛ፣ ከሐድይኛ፣ ከከምባትኛና ከቡርጂኛ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ ሁሉም የደጋ ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ናቸው። አንዱን የለመደ ለሌላው ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ቁጥሩማ ከዚህም የባሰ ነው። ሁለት በሲዳምኛም በጌዴኡፋም ላሜ ነው፣ በኦሮምኛ ላማ። የጌዴኡፋ ቁጥር እስከ አምስት ከሲዳማው ጋር ይሄድና ከስድስት ወዲያ ወደ ኦሮምኛው ያዘነብላል፤ ሰባት በኦሮምኛ ቶርባ፣ በጌዴኡፋ ቶርባኔ ነው። ሙዝ ገዝተው መልስ ሲቆጥሩ ሳያስቡት ሦስት ቋንቋ ሊነካካዎት ስለሚችል ሁልጊዜ ዝርዝር ብር ይያዙ።

«ምላሴ አይታጠፍም» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ጠ፣ ጨ፣ ቀ ስንል የኖርን፣ ማጥበቅና ማላላት ከእናታችን ጡት ጋር የጠባን ሰዎች ለኩሽ ቋንቋ ከብዙው ዓለም የተሻለ አፍ ይዘን ነው የምንሄደው። እንግሊዛዊ ቢያመካኝ ያምርበታል። ለእርስዎ የሚሻለው ፊደሉ ነው። ጌዴኡፋ ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ «በግዕዙ ቢሆን ኖሮ በሳምንት እለምደው ነበር» ይበሉ። በ1971 ዓ.ም. ለተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኡፋ እንደነበረ፣ ያኔም በግዕዝ ፊደል እንደተጻፈ የሚያስታውስ ሰው ከአጠገብዎ እንዳይኖር ብቻ ያረጋግጡ። በግዕዝ በተጻፈ ጊዜም የለመደው ባለሥልጣን እጅግ ብዙ አልነበረም። ደግሞ ይህን ሲናገሩ ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱ፤ ቴሌግራም ላይ አማርኛውን በላቲን ፊደል ሲጽፉ እንደሚውሉ እንዳይታይብዎት።

አሁን ወደ ገበያ እንውጣ፤ የሰው አቋም የሚፈተነው እዚያ ነው። ይርጋጨፌ ገበያ ውስጥ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ የምትሸጥ አንዲት እናት ፊት ይቁሙ። ጎኗ ከተቀመጠችው ጎረቤቷ ጋር ስለ ልጆች ትምህርት በጌዴኡፋ ታወጋለች። ከጉጂ በኩል ቅቤ ይዘው የመጡ ሽማግሌ ሲደርሱ ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች፤ ድምፅዋ ዝግ ይላል፣ ሰላምታውም ይረዝማል። የአለታ ወንዶ ነጋዴ መጥቶ ዋጋ ሲያጣጥልባት በሲዳምኛ ትሞግተዋለች፤ እየሳቀች ነው የምትሞግተው፣ እሱም እየሳቀ ይከፍላል። ከዚያ ቀና ብላ እርስዎን ታያለች። ገና አፍዎን ሳይከፍቱ፣ ጫማዎን ብቻ አይታ፣ በአማርኛ «ልጠቅልልልዎት?» ትላለች።

ይህ ለአቋምዎ ክፉ ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች መጠየቅ ነው። «የት ተማርኩና» ካለችዎት ልብዎ ይረጋል፤ ዲግሪው ያለው አሁንም እርስዎ ጋ ነው። አራት ቋንቋ ማወቅ በሥራ ልምድ ላይ የሚሞላ ነገር አይደለም፤ የሚሞላው «እንግሊዝኛ፦ በጣም ጥሩ» የሚለው ነው፣ እሱን ደግሞ ሁላችንም ሞልተናል።

ቢሮ ውስጥ ሥራው ይቀላል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ዲላ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከኮንሶ፣ ከአሪ የመጣ ባለሙያ እዚያ የሚግባባው በአማርኛ ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋም እሱው ነው። ይህን በቀልድ አላልፈውም፤ አማርኛ ባይኖር እነዚያ ሰዎች አንድ ስብሰባ መጨረስ ይቸግራቸው ነበር። ነገር ግን ልብ ይበሉ፣ ከእነሱ እያንዳንዱ አማርኛን የደረበው በሌላ ቋንቋ ላይ ነው። የአዳራሹ ብቸኛ ባለ አንድ ቋንቋ እርስዎ ነዎት፤ ስብሰባውን የሚመሩትም እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከመስኮቱ በዚያ በኩል አንድ አባት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ቆመዋል። ጉዳያቸው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ከቤታቸው በጌዴኡፋ፣ ከጉጂ ወዳጆቻቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ዲላ ሲወጡ እንደ ሰዉ ሁኔታ ሲዳምኛም ጨምረው የሚኖሩ ሰው ናቸው። ጉዳያቸውን በጌዴኡፋ ያስረዳሉ፤ ድንበሩ የት እንደሆነ፣ የትኛው ዋንዛ በአባታቸው ዘመን እንደተተከለ፣ የትኛው ብርብራ ከጎረቤት ጋር እንደሚያዋስን። የልጅ ልጃቸው «መሬታቸው ነው ይላሉ» ብሎ ያጠቃልለዋል። እርስዎም ወደ ባልደረባዎ ዞር ብለው «ሽማግሌው ቋንቋ አይችሉም» ይላሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ታላቅ ጥበብ ናትና ያጥኗት። ሦስት ቋንቋ የሚችል ሰው ቋንቋ የማይችል፣ አንድ የሚችል ደግሞ ሁሉን የሚችል የሚሆነው በእሷ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ሁሉም ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው ብሏል፤ ለተከሰሰ ሰው ደግሞ አንቀጽ 20 መንግሥት በሚከፍለው አስተርጓሚ የመጠቀም መብት ሰጥቶታል። የይዞታ ማረጋገጫ ለጠየቀ ሰው ያለው አስተርጓሚ ግን ያ ከትምህርት ቤት የቀረው ልጅ ነው። አባትየው በሚገባቸው ቋንቋ ለመናገር መከሰስ ሊኖርባቸው ነው ማለት ነው።

እንሰቱንም እንዲሁ ይለፉት። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው ቡናው፣ እንሰቱና ዛፉ ተደራርበው የሚኖሩበት የአስተራረስ ዕውቀት ነው፤ ያ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ የሚሄደው በጌዴኡፋ ነው። አንድ ገበሬ ጓሮው ወስዶ እንሰቱን በየዓይነቱ፣ ይኼ ለቡላ፣ ይኼ ለቃጫ፣ ይኼ ለታመመ ሰው እያለ በስም ይቆጥርልዎታል። እርስዎ ቅጹን ያውጡ፤ «እንሰት» የሚል አንድ ሳጥን አለ። ምልክት ያድርጉና አመስግነው ይሂዱ።

አንድ ነገር ግን ሳልቀልድ ልበል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ብዙዎቹ የጎረቤቶቻቸውን ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ ነበሩ፤ በትውፊቱ እንኳ የጌዴኦው አባት ዳራሶና የጉጂው አባት ጉጆ ወንድማማች ናቸው ይባላል። ስለዚህ ቋንቋ መልመድ ጠብ ያስቀራል እያሉ የሚሰብኩትን አልተባበርም፤ አላስቀረም። ዕርቁ ላይ ግን፣ ጎንዶሮ የሚባለውን የዕርቅ ሥርዓት ለመፈጸም የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ሲቀመጡ፣ አንዱ የሌላውን የሐዘን ንግግር ያለ አስተርጓሚ ይሰማል። ለዚህ የሚሆን ቅጽ የለም። በዚያ ጉባኤ ላይ ከተገኙ የክብር ወንበር ይሰጥዎታል፤ ከሚባለው የሚገባዎት ሲያጨበጭቡ ብቻ ነው።

ወደ አሪቻ እንመለስ፣ ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። አሪቻ የምትባል ቀበሌ መኖሯን የማያውቅ ሰው በቶኪዮና በሴኡል ቡና ቤቶች ስሟን ከነይርጋጨፌ ያነብባል፤ ኮንጋ፣ ኢዲዶ፣ ጨለለቅቱም እንደዚያው ናቸው። በለቀማው ወቅት ፈረንጅ ገዢ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ይመጣል። በቆጡ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እያገላበጠች ብልሹውን የምትለቅም ሴት ፊት ይቆምና በእንግሊዝኛ «እንዴት ነው የምታደርቁት?» ይላል። የላኪው ወኪል፣ ማለትም እርስዎ፣ ጥያቄውን በአማርኛ ለጣቢያው ኃላፊ ይሰጣሉ። ኃላፊው በጌዴኡፋ ለሴትየዋ ያደርሳል።

ሴትየዋ እጇን ሳታቆም ትናገራለች። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታ ካልተሸፈነ ቆዳው እንደሚሰነጠቅ፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው እንደሚለበስ፣ ደመናማ ቀን ስንት ጊዜ እንደሚገላበጥ፣ የደረሰው በጥርስ ሲነከስ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጥ፣ የዘንድሮ ዝናብ ያለ ጊዜው መምጣቱን፣ ምናልባትም የቀን ሂሳቧ መዘግየቱን። ኃላፊው አዳምጦ ሲያበቃ በአማርኛ «በደንብ ይደርቃል ነው የምትለው» ይላል። እርስዎ ለፈረንጁ በአንድ ቃል ያደርሳሉ፦ «ጉድ»። ፈረንጁ ደስ ብሎት ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ስለ ያስሚን አበባና ስለ ሎሚ መዓዛ ይጽፋል።

ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ ይጠብቁት። ፈረንጁ አንዳንዴ ሰነፍ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ተመላልሶ ለሴትየዋ በጌዴኡፋ ሰላምታ ሲሰጥ ተገኝቶ አልጋው ሁሉ በሳቅ ሊያውካካ ይችላል። ጣቢያው ላይ ደግሞ ከለቃሚው በጌዴኡፋ፣ ከጫኚው በኦሮምኛ፣ ከሒሳብ ሠራተኛው በአማርኛ የሚነጋገር ጎረምሳ አለ፣ እንግሊዝኛውንም ከዩቲዩብ እየለቀመ ነው። ይህ ልጅ በቀጥታ መተርጎም የጀመረ ዕለት ገዢው የርስዎን የአየር ቲኬት ጥቅም መጠየቅ ይጀምራል። ልጁን ቶሎ ወደ መጋዘን ያዛውሩት።

ከሁሉ የሚከፉት ሕፃናት ናቸው። አከራይዎ ቤት ልጆች ካሉ ቤት ይቀይሩ። አዋቂ ሰው ለእርስዎ ክብር ሲል አማርኛ ይናገራል፣ ሲሳሳቱም አይስቅም። ሕፃን ግን ውሃውን እያሳየ ስሙን ይነግርዎታል፣ እንዲደግሙት ያስገድድዎታል፣ ሲሳሳቱ መሬት ላይ እየተንከባለለ ይስቃል፣ ነገ ደግሞ ይፈትንዎታል። እንዲህ ያለ ነፃ ትምህርት ለሁለት ሳምንት ከቀጠለ አቋምዎ አልቆለታል።

ያለቀለት እንደሆነ በዚህ ያውቁታል። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ሁለት ሴቶች በጌዴኡፋ ሲያወሩ ወሬው በድንገት ይገባዎታል፣ የሚያወሩትም ስለ እርስዎ ይሆናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው እስከዚያ ቀን ብቻ ይሠራል። የቢሮው ሰው ሁሉ ባወጣልዎት ስም ሲጠራዎት ምን ያህል ዓመት እንደኖሩም ያን ዕለት ይረዳሉ።

ቀሪው መፍትሔ ዝውውር መጠየቅ ነው፤ ቦታውን ግን አስበው ይምረጡ። ጂንካ አይሆንም፤ የነበረችበት የቀድሞው ደቡብ ኦሞ ዞን 16 ብሔረሰቦች ነበሩት ይባላል፣ ከዲላ የባሰ ነው። ሐረርም አይሆንም፤ እዚያ የጀጎል ልጅ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚጨርሰው። «ወደ አማራ ክልል ልሂድና ልረፍ» ካሉ ሰቆጣ ኽምጥኛ ይጠብቅዎታል፣ እንጅባራ አዊኛ፣ ከሚሴ ኦሮምኛ። አዲስ አበባም መርካቶ ካልወጡ ነው እንጂ ዋጋ በጉራግኛ ሲቀነስ መስማትዎ አይቀርም። እኔ ብዙ አስቤ አንድም አልመጣልኝም፤ የሰው ሀብት ክፍሉ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁ።