ጣት ለሌለው የተጻፈ መመሪያ

አንድ ወዳጄ ነቀምቴ ተቀምጦ መመሪያ ይጽፋል። አንባቢው ሰው አይደለም፤ የስልክ ስክሪን በራሱ እየነካ የሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። አንድሮይድ ላይ ትእዛዙ «ኢንፑት ታፕ 540 1200» ነው፤ ከግራ 540፣ ከላይ 1200 ፒክስል ቆጥረህ ንካ ማለት። «መጀመሪያ ስክሪኑን ፎቶ አንሳ። ተመልከት። ንካ። ደግመህ አንሳ። ክፈል የሚለውን ሁለቴ እንዳትነካ!»

አቤት ትዕግሥት! ለጊምቢው ቡና ነጋዴ ግን እንዲህ የጻፈለት የለም፤ ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ አጠቃቀሙን የተማረው ከሱቅ ልጅ ነው። ስልኩን ያቀብላል፤ ልጁም «ኦቦ፣ የሚስጥር ቁጥርዎ ስንት ነበር?» ይላል። ኦቦ ጮክ ብለው ይናገራሉ። ሰልፈኛው ሁሉ ይሰማል፤ ሚስጥርነቱ እዚያው ያበቃል።

ወዳጄን የቸገረው አንዲት መስመር ናት፦ «ኔትወርክ ከሌለ ይህን ያህል ሰከንድ ጠብቅ።» 30 ብሎ ጻፈ፣ ሰረዘ። በ2012 ወለጋ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ተቋርጦ እንደነበር ትዝ ብሎት ነው። ትቼው ስወጣ ሦስት ወሩን በካልኩሌተር ወደ ሰከንድ እየመነዘረ ነበር፤ ከ7 ሚሊዮን አልፏል።