ባለ መዝገቡ ኮርማ መቱ ሲገባ

ለገበሬ ከሚታሰቡለት በጎ አድራጎቶች ሁሉ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ አባት ማዋስን የሚያህል የለም። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያበደረው፣ ምክር በነፃ ያደለው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ለባዝራው ድንጉላ፣ ለላሙ ኮርማ መርጦ፣ የመረጠውንም እንስሳ ከነአያት ከቅድመ አያቱ በወረቀት አስጽፎ፣ «እነሆ፣ የበረትህ ሐረገ ትውልድ ከዛሬ ጀምሮ ይቃናልህ» እያለ እደጅህ ድረስ የሚመጣ ቸር በየዘመኑ የሚገኝ አይደለም። እኛ የኢሉባቦር ሰዎች ይህ ጸጋ ዘግይቶ ስለ ደረሰን ምስጋናችንን በቅጡ አላቀረብንም፤ ጉድለቱን በአቅሜ ልሞላ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

የምስጋናው መጀመሪያ ለእንግሊዞች ይሁን። እነርሱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1791 የእሽቅድምድም ፈረሶቻቸውን ልደት የሚቆጥር መዝገብ አሳተሙ፤ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ የሚወርደው ይህ መጽሐፍ በአቆጣጠሩ ጥንቃቄ ከማቴዎስ ወንጌል አንደኛ ምዕራፍ የሚያንስ አይደለም። በአባት በኩል ወደ ላይ የቆጠረ ሰው በመጨረሻ የሚያርፈው በሦስት ድንጉሎች ላይ ሲሆን፣ ሦስቱም ከምሥራቅ አገር የሄዱ ናቸው። ለባዕድ ሰው ደጃቸውን ገርበብ አድርገው የሚያነጋግሩ መሳፍንት ለባዕድ ድንጉላ በሩን ወለል አድርገው መክፈታቸው ትሕትናቸውን ያስረዳል።

ልጆቻቸውም በአፍሪካ ምድር ርስት ቆርሰው በሰፈሩ ጊዜ ይህንኑ ትሕትና ይዘው መጡ። ሰፋሪው ቤቱን ሠርቶ ሳይጨርስ ድንጉላውን ከመርከብ ያወርዳል፤ የአባቱን ስም፣ የእናቱን ስም፣ የቁመቱን ልክ፣ ለአንዲት ባዝራ የሚከፈለውንም ዋጋ በጋዜጣ ያሳውጃል፤ አውራጃው ሁሉ ያነባል። የማታነበው የአውራጃው ትንኝ ብቻ ናት። በኬፕ ቅኝ ግዛት በ1854 እና በ1855 የተነሣው፣ በእነዚያ ጥቃቅን ትንኞች የሚተላለፈው የፈረስ በሽታ ወደ 70,000 የሚጠጋ ፈረስ ፈጀ፤ ባለ መዝገቡን ከስም የለሹ ሳይለይ፣ ሰፋሪዎቹ በሰው መካከል ሊያዩት ባልፈቀዱት ፍጹም እኩልነት። በኬንያም ሎርድ ዴላሜር የተባለው መኮንን ንጆሮ ላይ 100,000 ኤክር መሬት ተቀብሎ ከኒውዚላንድ የሜሪኖ በጎች፣ ከእንግሊዝም ምርጥ ከብቶች አስመጣ፤ በጎቹም ከብቶቹም በብዛት አለቁበት።

ውሎ አድሮ የኬንያ ሰፋሪ ዓይኑን ወደ ሰሜን መለሰና ከእኛው ከቦረና የወረደውን ከብት እየገዛ ያረባ ጀመር፤ በ1951ም፣ በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የቦረና ከብት አርቢዎች ማኅበር ተቋቋመለት። ቦረና ከአባት ወደ ልጅ በቃሉ ሲቆጥረው የኖረው ከብት ልደተ ክቡር መሆኑ የታወቀው በእንግሊዝኛ ከተጻፈ በኋላ ነው።

እኛም ብንሆን ከውጭ በመጣ ከብት ያልተጎበኘን አይደለንም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች ለጦራቸው ስንቅ በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች የተነሣው የደስታ በሽታ ከአገሩ ከብት ከመቶው ዘጠና ያህሉን እንደ ጨረሰ ይገመታል፤ በሬ ያጣው ገበሬ በዶማ እየቆፈረ የከረመበት ያ ዘመን እስካሁን ክፉ ቀን ይባላል። እርግጥ እነዚያ ከብቶች ሐረገ ትውልዳቸውን የሚያስረዳ መዝገብ ይዘው አልመጡም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የወረቀት ጉድለት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ወደ ቀዬአችን እንመለስ። ኢሉባቦር ዝናቡ የማይነጥፍባት፣ ቡናዋ በዛፍ ጥላ ሥር የሚያድርባት፣ ከጎሬ ደጋ ወደ ባሮ፣ ከበደሌም ወደ ዴዴሳ ቁልቁል በወረዱ ቁጥር የቆላ ዝንብ እንግዳዋን ወጥታ የምትቀበልባት አገር ናት። ይህች ዝንብ የምታስተላልፈውን ገንዲ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ከብቱ እየበላ ይከሳል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ ላሚቱ ትጨነግፋለች፣ በሬውም ከቀንበር ሥር ይተኛል። ራስ ተሰማ ናደው ጎሬን መቀመጫቸው ባደረጉበት ዘመን፣ ኋላም የጋምቤላ ወደብ ተከፍቶ የእኛ ቡና በባሮ ወደ ሱዳን በወረደ ጊዜ፣ ያንን ዳገትና ጭቃ ሸክም ይዛ የቻለችው በቅሎ ናት።

በቅሎም የታወቀች ናት፤ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው ያለች። አባቷ አህያ ነው፤ በአገራችን ለእርሱ መዝገብ የከፈተ ሰው የለም። ራሷም አትወልድምና ዘሬ ይጠበቅልኝ ብላ አቤቱታ አታቀርብም። እንዲህም ሆኖ ጳጳሱ የሚጓዘው፣ ሙሽራዪቱ የምትሸኘው፣ ባላባቱም በእርጋታ ሄዶ ክብሩን የሚያሳየው በእርሷ ጀርባ ላይ ነበር። ፈረሱማ ለጦርነት ነው፤ እርሱም ቢሆን አባ ዳኘው፣ አባ ጠቅል እየተባለ ስሙን ለጌታው አበደረ እንጂ አያትህ ማነው ብሎ የጠየቀው ጸሐፊ አልነበረም። እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት! ንጉሥ በፈረሱ ስም ሲጠራ ፈረሱ ግን በአባቱ ስም የማይጠራበት አገር ዝርያው እንዴት ይሻሻላል?

ደግነቱ ይህ ሁሉ ቀርቷል። ዛሬ በድንጉላው ፈንታ ኮርማው ተተክቷል፤ በ1970ዎቹ ቃሊቲ ላይ ብሔራዊ የማዳቀያ ማዕከል ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ኮርማው ራሱ መድከም አላስፈለገውም፤ አባላዘሩ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በቀዘቀዘ ናይትሮጅን ውስጥ ሆኖ በየወረዳው ይዞራል። በሰላሌና በሆለታ ደጋ ይህ ሥራ ፍሬ ማፍራቱን አልክድም፤ እዚያ ብርዱ አለ፣ ፋጉሎና ፉርሽካው አለ፣ ወተቱን የሚጠጣው አዲስ አበባም ከአፍንጫው ሥር አለ። ግማሽ ምእተ ዓመት ሊሞላ ከተቃረበ ድካም በኋላ ከአገሪቱ ከብት ከመቶው 97 ያህሉ የአገሩ ዝርያ እንደ ሆነ መቅረቱ ግን የእልኸኝነቱን ልክ ያሳያል፤ የከብቱን ማለቴ ነው።

ኮርማው በአካል ሲመጣ ሥርዓቱ ከንግሥ አያንስም። በአይሱዙ ተጭኖ መቱ ይገባል፤ ጥቁርና ነጭ ቆዳው ታጥቦ፣ ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር ተሰክቶለት፣ ሙቀቱ ከብዶት ምላሱን አውጥቶ። ባነር ይዘረጋል፣ ንግግር ይረዝማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በላስቲክ የተጠቀለለው ወረቀትም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ማንበብ ለሚችለውም ለማይችለውም ይታያል። ከሕዝቡ ኋላ ከቆሙት ሽማግሎች አንዱ ለባለሙያው የሚያቀርበው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያው ነው፦

«ልጄ፣ እኔ ከብቴን የማሰማራው ከወንዙ ዳር ነው። እዚያ ገንዲ አለ። ለሱ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?»

«አባቴ፣ ገንዲ የሌላ ክፍል ሥራ ነው። የኛ ዝርያ ማሻሻል ነው።»

«የሚበላውስ?»

«መኖም የሌላ ክፍል ነው።»

«እንግዲያው ቀብሩንም ለሌላ ክፍል ስጡልን።»

የዝንቧን ነገር የሚያጠናው ማዕከል በደሌ ላይ፣ ከመቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙ በማይርቅ ቦታ ይገኛል፤ ኮርማውም ከሸዋ ሲመጣ በዚያው በኩል ማለፉ አይቀርም፤ ነገር ግን ክቡር እንግዳን በመንገድ አስቁሞ ወዴት ትሄዳለህ ማለት ነውር ነው። ከእኛ በስተ ደቡብ ባለው አገር ደግሞ የሸኮ ከብት የሚሉት አለ፤ ቁመቱ አጭር፣ ቀንዱ ትንሽ፣ አንዳንዱም ጎዳ የሆነ፣ ገንዲን ከሌላው ከብት ይልቅ የሚችል። ከዚያች ዝንብ ጋር ስንት ትውልድ እንደ ተፈታተነ ደሙ ይናገራል፤ ዳሩ ግን ለፎቶግራፍ አይመችም፣ በአይሱዙም ቢጭኑት ከጎን አይታይም፤ እርሱ ከሌላው ከብት እየተቀላቀለ ዘሩ ሊጠፋ መቃረቡም ባነር የሚያዘረጋ ጉዳይ አይደለም።

ስለ ናይትሮጅኑ ብዙ አልልም። ላሚቱ ኮርማ የምትፈልግበት ሰዓት አጭር ነው፤ ቅዳሜ ማታ ቢመጣባት አዳቃዩ ሰኞ እስኪገባ እንድትታገሥ የሚያግባባት ሰው አልተገኘም። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሲጨቀይና መኪናው ሲቆም ደግሞ፣ የዚያ ሰባት ትውልድ የተቆጠረለት አባት ዘር ወደ ቀበሌው መድረስ ካለበት፣ የሚደርሰው አባቷን በማትናገረው በበቅሎ ጀርባ ነው።

እንግዲህ ለወደፊቱ ሥራው የተሟላ እንዲሆን ጥቂት አሳብ ላቅርብ። አንደኛ፣ ለኮርማው የሚዘጋጀው ወረቀት በጉልህ ፊደል ተጽፎ በወንዙ ዳር በየዛፉ ላይ ይለጠፍ፤ ዝንቧ የማንን ልጅ እንደምትነክስ ዐውቃ ትንከስ። ለኮርማው አጎበርና ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ይሠራለት፤ የሽማግሌው ልጆች ያለ አጎበር ማደራቸውም ዝንቧንና ትንኟን ወደ እነርሱ በመሳብ ረገድ የሚሰጠው ጥቅም ተጠንቶ ይቅረብ። ላሞች ሁሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት ብቻ ኮርማ እንዲፈልጉ መመሪያ ይውጣ። ኮርማው የሞተ እንደ ሆነም፣ የማይሞት ፍጡር የለምና፣ ቅጹ በወጉ ይሞላ፤ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የተረከበው ማኅበር፣ የሞተበት ቀን ከተጻፈ በኋላ፣ «የሞቱ ምክንያት» በሚለው ሣጥን ውስጥ እንደ ተለመደው «የአርሶ አደሩ የግንዛቤ እጥረት» ተብሎ ይመዝገብና የሚቀጥለው ኮርማ ይታዘዝ።