ተስማምተን በመጣን

እማዬ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው። ልጆቿ አራት ነን፤ በቤቱ ነገር አንድ ቀን ድምፃችንን ከፍ አድርገን አናውቅም። እማዬን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመችው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ጸጉሯ የሸበተው እትዬ ናት። ሦስታችን "ቤቱ ያንቺ ነው" ያልናት ገና በሰልስቱ ነበር። እሷም አለቀሰች፣ እኛም አለቀስን፣ ነገሩ ያለቀ መሰለን። ይኸው ካርታው እስከ ዛሬ በእማዬ ስም ነው።

ሜሪላንድ ያለው ታናሻችን መጀመሪያ ሰሞን ደውሎ፣ "ጋሼ፣ እዚህ እኮ ኩዊትክሌም የሚባል ነገር አለ። 'በዚህ ቤት ላይ ድርሻ ካለኝ ለእህቴ ትቻለሁ' ብለህ ትፈርማለህ፣ ኖተሪ ያትምበታል፣ የካውንቲው መዝገብ ቤት ታስገባዋለህ፣ አለቀ!" አለኝ። ቀናሁ። ኋላ ስጠያይቅ ያም ቢሆን እሱ እንዳወራው አልጋ በአልጋ አይደለም፤ ወረቀቱ "ድርሻ ካለኝ" ይላል እንጂ ድርሻው መኖሩን አያረጋግጥም፤ ቤቱ የባንክ ዕዳ ካለበትም ዕዳው ከተበዳሪው ትከሻ አይወርድም። ቢሆንም ብጣሽ ወረቀት ነው። የእኔ ፋይል አሁን በኪሎ ይሸጣል።

የእኛ ሕግ "አልፈልግም" ማለትን አያውቅም ማለቴ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሽ ውርሱን አልቀበልም ሊል እንደሚችል ጽፏል፤ የሰጠው ጊዜ ግን አንድ ወር ነው። አንድ ወር! አርባዋ ሳይወጣ፣ የድንኳኑ ሒሳብ ሳይዘጋ፣ ማን ነው ጥቁሩን እንደለበሰ "ውርስ አልፈልግም" የሚል ማመልከቻ ይዞ የሚዞረው? ሰፈሩስ ምን ይላል? ወሩ አለፈ፤ ወራሾች ሆንን። ወራሽ ከሆኑ በኋላ ደግሞ መተው የለም፣ መስጠት ነው ያለው። ሕጉ የቤት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ አሠራር ይፈጸም ይላል። ስለዚህ ቤት የምንሰጥ ሰዎች እንደሚሞት ሰው መናዘዝ አለብን።

ደግሞ የምንሰጣጠው ምን ሆነና! መሬቱ ከ1967 ጀምሮ የመንግሥት ነው። የእኛ ጭቃ ግድግዳውና የዛገው ቆርቆሮ ነው።

ለመስጠት መጀመሪያ ወራሽነት በፍርድ ቤት መረጋገጥ አለበት። እዚህ ላይ እማዬ ጉድ ሠራችን። አባባ ከሞተ በኋላ መንኩሳ ነበር። ካርታው ላይ በዓለም ስሟ፣ ከነአያታችን "ገ/ማርያም"፤ መታወቂያዋ ላይ "ገብረማርያም"፤ የቀበራት ደብር በሰጠን ወረቀት ላይ ደግሞ "እማሆይ" ተብላ በምንኩስና ስሟ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ሦስቱን ወረቀቶች ደርድራ አየችና፣ "እነዚህ ሦስት ሴቶች ምንዎ ናቸው?" አለችኝ።

"እናቴ።"

"ሦስቱም?"

የዕድር ደብዳቤ አመጣን፣ ምስክር አመጣን። ከምስክሮቹ አንዷ የእማዬ የማኅበር ጓደኛ ናቸው፤ በምርኩዝ ሦስት ፎቅ ወጥተው ቀጠሮው ተለውጧል ተባሉ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ "ልጄ፣ እሷን ስቀብር እንኳ እንዲህ አልደከምኩም" አሉኝ።

ውክልናውስ? ታናሻችን የላከው ውክልና ሁለት ገጽ ሙሉ ግስ ነበር፦ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት፣ ለመክሰስ፣ ለመከሰስ፣ ውል ለመዋዋል፣ ውል ለማፍረስ። "በስጦታ ለማስተላለፍ" የምትለዋ ብቻ የለችም። እንዳልጮህ ደግሞ ሕጉ ከመስኮቱ ጋር ነው፤ ተወካይ ስጦታ እንዲሰጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ያን ቤት ለማላውቀው ሰው ልሸጥለት እችል ነበር፤ ለገዛ እህቱ በነፃ ልሰጥለት ግን አልችልም። ወረቀቱ እንደገና ኖተሪ፣ እንደገና ማኅተም በማኅተም ላይ፣ እንደገና ኤምባሲ፣ እንደገና ውጭ ጉዳይ ዞሮ መጣ። በሁለተኛው ላይ ስጦታዋ ገባች፤ የእትዬ ስም ግን በ"ጸ" መሆኑ ቀርቶ በ"ፀ" ተጻፈ። ፊደሎቻችንን የምወድ ሰው ነበርኩ።

ታናሻችን የአሜሪካ ዜግነት ስላለው ቢጫ ካርዱም ተጠየቀ። ቤት ሊወስድ ቢሆን ይገባኛል፤ ሊተው ነው እኮ! ሐዋሳ ያለችው እህታችን ደግሞ ባሏ መጥቶ ይፈርም ተባለች። በውርስ የመጣ ንብረት የግል እንደሆነ የቤተሰብ ሕጉ ይላል ብል፣ "ጠበቃ ነዎት?" ተባልኩ። አይደለሁም። ሰውየው ከሐዋሳ መጣ፣ ፈረመ፣ ምሳ ሳይበላ ተመለሰ። የቀረውን አልዘረዝርም፤ አንባቢም ያውቀዋል፦ ሲስተም የለም፣ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ ሐምሌ ስለገባ የአምናው ክሊራንስ አያገለግልም።

አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ከኋላዬ የቆመ ሰው ወረቀቶቼን አይቶ ሳቀ። እሱ ከወንድሞቹ ጋር ስድስት ዓመት ተካሷል። "እኔ ውሳኔ ይዤ ነው የመጣሁት፤ ውሳኔ ካለህ ማንም ምንም አይጠይቅህም። እናንተ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?" አለኝ። ምን እንደያዝን አሰብኩ። ፍቅር ነው የያዝነው፤ ለፍቅር ደግሞ ቅጽ የለውም። የተጣላ ዳኛ አለው፣ የውርስ አጣሪ አለው፣ አፈጻጸም አለው። አራት ወንድምና እህት ተስማምተው ሲመጡ ግን መስኮቱ ከመነጽሩ በላይ ያያቸዋል፤ አንዱን አታልለው መሆን አለበት።

የማማክረው ጠበቃ ሲመረው፣ "እህታችሁን ክሰሱና በዕርቅ ጨርሱ፤ ፍርድ ቤቱ ዕርቁን ያጸድቀዋል፣ ያኔ ውሳኔ ይኖራችኋል" አለን። ምክሩን ለእትዬ ነገርኳት። ቡናውን ቀድታ ሳትጨርስ ጀበናውን አስቀመጠችው። "በእናቴ ቤት ተከሰሰች መባል ነው የቀረኝ?" አለች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቱ አላነሳችብኝም።

ሦስተኛው ውክልና ባለፈው ሳምንት ከሜሪላንድ ተልኳል። "ስጦታ" የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ገብቶበታል። "ጸ"ዋን ገና አላየኋትም።