ብስክሌትማ ድሮ ቀረ

ወገኖቼ፣ ዘንድሮ የፈረንሳይ ዙር የሚነሣው ከስፔን ነው። ዓይናችሁ አልተሳሳተም። ሰኔ 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ባርሴሎና ላይ ይጀመራል። የሙሽራው አባት የገዛ ግቢውን ትቶ ድንኳኑን ጎረቤት ደጅ ቢተክል ምን ትሉታላችሁ? እኔ ይኼን ስጠይቅ የልጅ ልጄ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «አባባ፣ ከዚህ በፊትም ከቢልባኦ ተነሥቷል፣ ከፍሎረንስም ተነሥቷል፤ አዲስ ነገር እኮ አይደለም» አለኝ። አዲስ ነገር አይደለም! እኛን አንጀታችንን የሚያቃጥለን ይኸው ነው፤ ጉዱ ሁሉ ሳንሰማው አርጅቶ ይጠብቀናል።

እኔ ደግሞ የሰበታ ሰው ስለሆንኩ ሕመሜ እጥፍ ነው። ያን ሽታው ሰፈሩን ሲያውደው የኖረውን የሜታን ቢራ ፋብሪካ መጀመሪያ እንግሊዞች ገዙት፣ ቆይቶ ደግሞ ወደ ፈረንሳዮች ዞረ። እንግዲህ አስቡት፤ የሰበታን ሜታ ወስደው የራሳቸውን ዙር ለስፔን ሰጡ። ምነው ሸዋ! በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ገበያ አልነበረም።

ለነገሩ ዘመኑ የመጠቅለል ነው። ሰበታ ሰበታ ነበረች፣ ቡራዩ ቡራዩ፣ ሱሉልታም ሱሉልታ። በ2015 ዓ.ም. ግን ከሌሎቹ ጋር ተጠቃለሉና ሸገር ከተማ ተባሉ። ከሦስት አገር ተጠራርተን የምንገናኝ ሦስት ሽማግሎች፣ አንድ ቀን ስንነቃ የአንድ ከተማ ሰዎች ሆነን አገኘነው። ይሁን፣ ይኼንንስ ለመድነው። ብስክሌቱ ምን አድርጎ ነው የሚዋሐደው? ቢኒያም ግርማይን ታውቁታላችሁ፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ቱር ሦስት ጊዜ አንደኛ ገብቶ አረንጓዴውን ማልያ ፓሪስ ድረስ… አይ፣ ያን ዓመት ፓሪስ እንኳ አልገቡም፣ ኦሎምፒክ አለ ተብሎ ውድድሩ ኒስ ላይ አለቀ። ብቻ እዚያ ድረስ ለብሶት የገባው የጎረቤት ልጅ። የያኔው ቡድኑ ኢንተርማርሼ ከሎቶ ጋር ተዋሐደና ልጁ ዘንድሮ ሌላ ዘንድ ሄደ። ያ ቤልጅጉ ኢቨንፑልም ኩዊክ ስቴፕን ለቅቆ ሬድ ቡል ዘንድ ገባ። እኔ ገና ያምናውን ማልያ ለይቼ ሳልጨርስ!

ብስክሌት ወዳዶቹ ወጣቶች የሚሰበሰቡት ቡራዩ፣ በአምቦ መንገድ ዳር ካለች ጀበና ቡና ነው። እኛም ሦስታችን ጥጉን ይዘን እንቀመጣለን። ልናዳምጣቸው አይደለም፤ ቡናዋ ጥሩ ስለሆነች ነው። ጨዋታቸውን ግን ስሙልኝ። ድሮ ስለ አንድ ጋላቢ ሲወራ «ወንድ ነው!» ይባላል፣ አበቃ። እነዚህ ሰውየውን በኪሎ ይመዝኑታል፣ ጉልበቱን በዋት ይሰፍሩታል፣ ከዚያ ዋቱን ለኪሎው ያካፍሉታል። ሰው ነው ወይስ ትራንስፎርመር? አንደኛው ስልኩን እያየ «ይኼ ልጅ እኮ በሰዓት 120 ግራም ካርቦሃይድሬት ይወስዳል» ሲል ሌላው አፉን ይይዛል። እኛ በሶ በጥብጠን ጠጥተን፣ ቆሎ በኪሳችን ቋጥረን ከሰበታ አዲስ አበባ ደርሰን ስንመለስ ማን ግራም ቆጠረልን? ማርሹም በባትሪ ነው የሚቀየረው አሉኝ። ጆሮው ውስጥ ደግሞ ሬዲዮ አለ፤ አሠልጣኙ ከኋላ መኪና ላይ ተቀምጦ «አሁን ብላ፣ አሁን ጠጣ፣ አሁን ውጣ» ይለዋል። ሚስት አለችው ወይስ የለችውም?

የቡድኖቹን ስም ስሙማ። ኢንተርማርሼ ሱፐርማርኬት ነው። ሎቶ ሎተሪ ነው። ኩዊክ ስቴፕ የወለል ንጣፍ ነው። ሬድ ቡል እነዚህ ልጆች ሌሊት ላለመተኛት የሚጠጡት ጣሳ ነው። ቪስማ የሚባለው የኮምፒዩተር ነገር ይሸጣል አሉኝ። አንድ ጤነኛ ሰው ለወለል ንጣፍ ብሎ ተራራ ይወጣል? ድሮ እኮ ቱሩ ራሱ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1930 እስከ 1961፣ በአገር ቡድን ነበር የሚጋለበው። ሰው ለባንዲራው ይላብ ነበር እንጂ ደረቱ ላይ የሱቅ ታፔላ አይለጥፍም። ቢጫውን ማልያ ተመልከቱ፤ ንጹሕ ነገር ማለት እሱ ነው። ከ1919 ጀምሮ ቢጫ የሆነው ውድድሩን የሚያዘጋጀው ጋዜጣ በቢጫ ወረቀት ይታተም ስለነበር ነው። እንዲህ ነበር ነገር ከማስታወቂያ ጋር ሳይነካካ፣ በጨዋ ደንብ የሚሠራው።

የእኛም ሰዎች ለባንዲራ ነው የጋለቡት። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ነው፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት ቀድሞ። ያኔ በብስክሌት ማን ነበር? ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታ፣ ኃይሉ ፋና። ገረመው ከመጀመሪያዎቹ 25 ውስጥ ገባ፣ ቡድናችንም ዘጠነኛ ወጣ። ይኼን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዱ «ዘጠነኛ ብቻ?» አለኝ። ልጄ፣ የዚያን ጊዜ ዘጠነኛ የዛሬ ዘጠነኛ አይደለም። የረባ ዘጠነኛ ነበር። ዛሬ አንደኛ የሚወጡትም ያን ዘጠነኛ አያገኙትም። ደግሞስ ማን ዋታቸውን ለካው?

ለልጆቹ አንድ ነገር ብቻ አስተምሬያቸዋለሁ፤ እሱንም አመሰግናለሁ ያለኝ የለም። ጠዋት ማታ «ፖጋቻር፣ ፖጋቻር» ይላሉ፤ ቱሩን አራት ጊዜ የበላው ስሎቬንያዊ። ይብላ፣ ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ግን ያ የሚጋልብለት የኤምሬትስ ቡድን ከየት መጣ? ላምፕሬ ነበር ስሙ። ላምፕሬ ውስጥ ማን ነበር? የመቀሌው ልጅ፣ ጽጋቡ ግርማይ! በ2008 ዓ.ም. ክረምት ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የላምፕሬን ማልያ ለብሶ ነው። በዓመቱ ቡድኑ ኤምሬትስ ተባለ። እንግዲህ ፖጋቻር የተቀመጠው ጽጋቡ ባሞቀው ወንበር ላይ ነው። ይኼን ስናገር አንደኛው ልጅ ስልኩን መታ መታ አደረገና «እውነታቸውን ነው» አለ። አያችሁ? የሽማግሌ ቃል ስልክ ካልመሰከረለት አይታመንም። ይኼን ታሪክ እኔ ራሴ ያገኘሁት ከዩቲዩብ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ፤ እንደነሱ በጥድፊያ አይደለም።

የሱሉልታው ባልንጀራዬ ነገሩን ሁሉ በከፍታ ነው የሚያየው። ሰፈሩ የሯጮች ሰፈር ነው፤ ንጋት ላይ በሩን ሲከፍት የዓለም ሻምፒዮን በፊቱ ያልፋል፤ ከዚህ የተነሣ ቁና ቁና ሳይተነፍስ ስለ ሳንባ ማውራት ይወዳል። «ጋሊብዬ፣ ጋሊብዬ እያሉ ያደነቁሩናል፤ ያቺ የቱሩ ተራራ 2642 ሜትር ናት» ይላል። «እንጦጦ ከ3000 ይበልጣል። እኔ ከገበያ ስመለስ ከጋሊብዬ በላይ ወጥቼ ነው ቤቴ የምገባው፣ ያውም ሽንኩርት ይዤ።» እነዚያ ጋላቢዎች ከውድድሩ በፊት ቴይዴ የሚባል እሳተ ገሞራ ላይ ወጥተው 2100 ሜትር ግድም ካለ ሆቴል ውስጥ ለሳምንታት ይተኛሉ፤ ደማቸው እንዲወፍር ነው አሉ። አዲስ አበባ እኮ ራሷ ከዚያ ትበልጣለች። ወዳጄ በነጻ የሚያንኮራፋበትን አየር እነሱ በዩሮ ይገዙታል።

እዚህ ላይ እኔም እስማማለሁ። እንጦጦን እኛ እንወጣው ነበር፣ ያለ ማንም እርዳታ፣ በገዛ ጉልበታችን። ኤንትሬ የጭነት መኪናው ጭነቱን ይዞ እያቃሰተ ሲያልፍ ከኋላ የሸራውን ገመድ ጨብጠህ አፋፉ ድረስ ትሄዳለህ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ክንድ ይጠይቃል፣ ጭሱም አለ። እንዲህ ንጹሕ በሆነ ጉልበት ለኖረ ሰው የዛሬው መድኃኒት፣ ምርመራ፣ ቅጣት ሲወራ ያሳፍረዋል። ማጭበርበር የሚባል ነገር እኮ አናውቅም ነበር።

ብስክሌቱስ ቢሆን? ሰበታ ላይ የሚያከራይ ሰው ነበር፤ ስሙኒ ሰጥተኸው አንድ ዙር ትዞራለህ። ጎማው ሲተነፍስ ከመነዳሪውን ጎትቶ ያወጣና በፖምፓ ነፍቶ፣ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከረ ዙሪያውን በመዳፉ ይዳብሰዋል። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ያለበት ላይ አውራ ጣቱን ጭኖ ይይዛል፣ ያደርቀዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ማስቲሽ ቀብቶ እፍ እፍ ይልበታል። ከዚያ ከአሮጌ ከመነዳሪ በመቀስ የከረከማትን ክብ ልጥፍ ለጥፎ በመዶሻ እጀታ ይደበድባታል። ያ ሰው የለጠፈው ቀዳዳ ዳግም አይተነፍስም። በማግስቱ የሚተነፍሰው በሌላ በኩል ነው። አሁን ግን ከመነዳሪ የሌለው ጎማ መጥቷል፤ ውስጡ ፈሳሽ አለና ሲበሳ ራሱን በራሱ ይደፍናል አሉኝ። ራሱን በራሱ! ታዲያ ልጆቹ እየጠበቁ የሚያወሩት የት ቁጭ ብለው ነው? ትዕግሥትንስ ከየት ይማሯታል?

መንገዱም ድሮ መንገድ ነበር። ዝናቡ ሥርዓት ነበረው፤ ሌሊት ይዘንባል፣ ጠዋት መንገዱን አጥቦ ያስረክብሃል። ነፋሱ ሁልጊዜ ከጀርባ ነበር፣ ስንሄድም ስንመለስም። አሁን አዲስ አበባ ላይ በኮሪደር ልማቱ ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቷል። ለብስክሌት መስመር ያስፈልገዋል እንዴ? ያኔ ከአህያዋ ጋር ተቃቅፈን እንሄድ ነበር። ደግሞ መስመሩ ሰበታ ድረስ ለምን እንደማይዘልቅ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ስንት ዘመን ነው የምንጠብቀው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቁማሩ ነው። በየጥጉ የቤቲንግ ቤት ተከፍቶ ልጆቹ ኳሱ ላይ ያስይዛሉ፤ እዚያ የጠፋው የትምህርት ቤት ክፍያ ስንት ነው! ቆም ብዬ ገሥጫቸዋለሁ፤ ስፖርት ለክብር ነው፣ ገንዘብ ከገባበት ይበላሻል ብዬ። እኛ ሦስታችን ያስያዝነው ቢራ ነው። ሜታ ነው፣ አንድ ሳጥን። ይኼ ቁማር አይደለም፤ የወዳጅነት ማጽኛ ነው። የተጻፈውም የኔው ልጅ ልጅ ደብተር ላይ ስለሆነ ማንም መካድ አይችልም።

የሱሉልታው ባልንጀራዬ ፖጋቻርን ያዘ። ከፍታ ላይ ያለ ሰው ምን ጊዜም ለአሸናፊ ያደላል። የቡራዩው ወዳጄ፣ ቢጫውን ሁለት ጊዜ የወሰደውን ዴንማርካዊ ቪንገጎርን ያዘ፤ ምክንያቱን ብትጠይቁት «ዝምተኛ ነው» ይላል። እኔ ቢኒያምን ያዝኩ። አንድም ደረጃ እንኳ ቢያሸንፍ ሳጥኑ የኔ ነው ብዬ ውል አስገብቻለሁ። ልጆቹ «አባባ፣ እሱ እኮ የፍጥነት ጋላቢ ነው፣ አጠቃላይ አሸናፊ አይሆንም፤ ደግሞም ቡድኖቹ ገና ዝርዝሩን እየጨረሱ ነው፣ መሰለፉን ይጠብቁ» ይሉኛል። ዝርዝር! በ2014 ዓ.ም. በጣሊያን ዙር፣ ጂሮ ላይ፣ አንደኛ ገብቶ ሽልማቱ መድረክ ላይ የወይን ጠርሙሱ ቡሽ ዓይኑን ሲመታው እኔ ነኝ እዚህ ሰበታ ሆኜ ዓይኔን የያዝኩት። ዝርዝር የሚያወጣው ሰው ዓይኑን ይዞለታል?

ስለዚህ የልጅ ልጄን ስልኩን ቻርጅ እንዲያደርግና ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ዳታ እንዲገዛ አዝዣለሁ። በስልክ ማየት ዓይን ያጠፋል፣ ልጅ ያሰንፋል፣ ይኼን ሁሌም እላለሁ፤ ስለዚህ ስልኩ ቀኑን ሙሉ እኔ ዘንድ ይቆያል። ውድድሩ የሚያልቀው ሐምሌ 19 ነው፤ ቀኑ የገብርኤል መሆኑን ሳይ ልቤ ሞቀና ለልጁ ስለት ተሳልኩ። የቡራዩው ወዳጄ «ለብስክሌት ስለት አይሳልም» ብሎ ይሟገታል። እሱ ምን አለበት፤ የያዘው ዝምተኛውን ነው።