ዳርክ ሞድ በቁስቋም ፀሐይ

ጎንደር በነገሥታቱ ዘመን ሊቃውንት ቅባትና ተዋሕዶ ተባብለው ጉባኤ የተቀመጡባት ከተማ ናት። የዛሬዎቹ ልጆቿ ደግሞ በስልክ ስክሪን ቀለም ሊወጋገዙ ምንም አልቀራቸውም።

ኅዳር 6፣ የደብረ ፀሐይ ቁስቋም በዓል ዕለት፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካሠሩት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ጥግ ጥላ የያዙትን ወጣቶች ጠጋ ብላችሁ ስሟቸው።

«ዳርክ ሞድ፣ ጥቁሩ ስክሪን፣ ዓይን ያድናል» ይላል አንዱ፤ ትናንት ብርድ ልብስ ተከናንቦ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቲክቶክ ላይ ዓይኑን ሳያርገበግብ ያፈጠጠው እሱ ራሱ ነው። «ባትሪም ይቆጥባል» ሲል ያክልበታል። መብራት እንደ እንግዳ ብቅ እያለ በሚሄድበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ጥቁሩ የሚቆጥበው እያንዳንዷ ነጥብ በራሷ በምትበራበት በኦሌድ ስክሪን ላይ ነው። የኤልሲዲ ስልክ የጀርባ መብራት ጥቁሩም ሥር ቦግ እንዳለ ነው። የልጁ ስልክ ደግሞ ኤልሲዲ! ከጥላው ወጣ ሲል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አገር ፀሐይ ጥቁሩን ስክሪን መስተዋት ያደርግበታል፤ ሊያነብ ከፍቶት ፀጉሩን ያስተካክልበታል።

የነጩ ወገኖችም «አባቶቻችን በነጭ ብራና ላይ በጥቁር ቀለም ጻፉ» እያሉ ይመጻደቃሉ። ብራና ግን የራሱ መብራት የለውም፤ ቀኑ ሲመሽ አብሮ ይመሻል። እነሱ ስክሪናቸውን እስከ ጥግ አብርተው በሌሊቱ ማኅሌት ዜማ ሲከታተሉ፣ ከታች የበራ ፊታቸውን ድንገት ያየ ደብተራ ማማተቡ አይቀርም።

እውነቱን ከተናገርን፣ በቀን ብርሃን ለብዙ ሰው ዓይን በነጭ ላይ ያለ ጥቁር ፊደል ይጠራል። በጥቁር ላይ ያለ ነጭ ፊደል አስቲግማቲዝም ላለበት ሰው ዙሪያው ይፈካበታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር ብርሃኑን መቀነስ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የፊደሉ መጠን! «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፤ ፊደሉ ካነሰ እሷም ትጠፋለች።

ይህን የተረዱት ከወጣቶቹ አጠገብ የተቀመጡት እናት ብቻ ናቸው። ፊደሉን ከማሳደጋቸው የተነሣ ስክሪናቸው አራት ቃል ብቻ ይይዛል። ወጣቶቹ ሳቁባቸው። እሳቸው ጸሎታቸውን ጨርሰው ስልኩን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት። ወጣቶቹ ገና አንድ መስመር አላነበቡም፤ «ቢጫው ይሻላል» የሚል ሦስተኛ ወገን ተነሥቶባቸዋል።