የሚሽከረከር ነገር ጣጣ

የፊዚክስ ተማሪ ነገሩ ቀጥ ብሎ እስከሄደለት ድረስ ብዙም አይቸገርም። መኪናው ይነሳል፣ ይፈጥናል፣ ፍሬን ይይዛል፤ ፎርሙላዎቹም እሺ ይላሉ። ጣጣው የሚመጣው መሽከርከር ሲጀመር ነው። ያኔ ክብደቱ ስንት እንደሆነ ማወቅ አይበቃም፤ የት እንደተቀመጠም መጠየቅ ግድ ይላል። እኔ ይህን ምዕራፍ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ስለዚህ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የጎረቤቴ ልጅ አንድ ምሽት ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣ መልሱ እንቢ አለኝ» አለ።

ጥያቄው የታወቀ ነው። ድፍን ሲሊንደርና ቀለበት ከ2 ሜትር ከፍታ በተዳፋት ላይ ሳይንሸራተቱ እየተንከባለሉ ይወርዳሉ፤ ታች ሲደርሱ ፍጥነታቸው ስንት ነው? ልጁ ለሁለቱም 6.3 ሜትር በሰከንድ አግኝቷል። ይህ ያለ ሰበቃ ለሚንሸራተት ሳጥን ትክክል ነው። የሚንከባለል ነገር ግን ከከፍታው ያገኘውን ጉልበት ያካፍላል፤ ከፊሉ ለመሄድ፣ ከፊሉ ለመዞር ይውላል። ድፍኑ ሲሊንደር ለመዞር አንድ ሦስተኛውን ያወጣል። ቀለበቱ ክብደቱ በሙሉ ዳር ላይ ስለሆነ ግማሹን ያወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው 5.2፣ ሁለተኛው 4.5 ሜትር በሰከንድ እየሄዱ ይደርሳሉ።

ልጁ ጻፈው፤ ግን አላመነም። በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። ለማንበብ ባይመችም ለማንከባለል የስልክ መብራት ይበቃልና ወደ ኮሪደሩ ወጣን። አንድ ረጅም ጣውላ በብሎኬት አስደግፈን ተዳፋት ሠራን፤ ከታች ፎጣ ጠቅልለን ማገጃ አደረግን። ከኩሽና ያልተከፈተ የቲማቲም ድልህ ጣሳና ከላይም ከታችም የተቆረጠ ባዶ የወተት ጣሳ መጣ። እኩል ተለቀቁ፤ ድልሁ ቀደመ።

«ስለሚከብድ ነዋ!» አለ ልጁ።

ይህን ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ከባድ ነገር ቶሎ ይወርዳል የሚለው እምነት በቀላሉ አይለቅም። ታናሽ እህቱ ብይ ይዛ መጣች። የመስታወቷ ብይ ከጣሳው አጠገብ ስትቀመጥ ከቁጥር የምትገባ አትመስልም። ቀደመች። ልጁ «ይደገም!» አለ፤ ተደገመ፤ አሁንም ቀደመች። ድፍን ኳስ ለመዞር የሚያወጣው ሁለት ሰባተኛውን ብቻ ነውና ለመሄድ የሚተርፈው ይበልጣል። ልጁ ስልኩን ደብተሩ ላይ አብርቶ ቅድም የሠራነውን አየ። ክብደቱም ራዲየሱም ከግራና ከቀኝ ተጣፍተው ወጥተዋል፤ የቀረው ቅርጹን የሚናገረው ቁጥር ብቻ ነው። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ ዝም አለ። እነዚያን ፊደሎች ሲያጣፋ እጁ ነበር የሠራው፤ አሁን ገባው።

ቀጥሎ የተለቀቀው የድልህ ጣሳ ግን ማገጃውን ዘለለ። ኮሪደሩን ጨርሶ ደረጃውን ያዘው፤ እየነጠረ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደ። እዚያ አንዲት እናት መብራት ስለጠፋ ከሰላቸውን በራቸው ላይ አውጥተው ቡና ያፈሉ ነበር። ጣሳው ረከቦቱን መታው፤ ሲኒዎቹ ረገፉ፤ ጀበናው ለጥቂት ተረፈ። «ኧረ ምንድን ነው የወረደብን!» ሲሉ ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ፊዚክስ ስናጠና ነው» አላቸው ልጁ። እሳቸውም ስብርባሪውን ጠርገው፣ ሌላ ሲኒ አስመጥተው፣ «በሉ ተቀመጡ፤ ቡናው ደርሷል» አሉ። ሲኒዎቹን በማግሥቱ ተካሁላቸው።

ከተሰበሰቡት አንዱ ጎሚስታ ነበር። የምንሠራውን ሲሰማ፣ «ዳዶ እንቢ ሲለኝ እኔ ጉልበት አልጨምርም፤ ቱቦ ነው የምጨምረው» አለ። ልጁ ወዲያው ደብተሩን ገለጠ። በ30 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ በ300 ኒውተን ብንጫን ቶርኩ፣ ማለትም የማዞር አቅሙ፣ 90 ኒውተን ሜትር ነው። ቱቦ አጥልቀን ርዝመቱን 1 ሜትር ብናደርሰው፣ በዚያው ኃይል 300 ይሆናል። ጎሚስታው በእጁ የሚያውቀውን ልጁ በቁጥር አሳየው፤ ሁለቱም ተደሰቱ።

ይህ የተዳፋት ጨዋታ ታላላቆችንም አድክሟል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ የነሐስ ኳስ በተቦረቦረ እንጨት ላይ እያንከባለለ፣ የሚሄደው ርቀት ከጊዜው ስኩዌር ጋር እንደሚያድግ አሳይቷል። ኳሱ ለመዞር የሚያወጣውን ድርሻ ግን ለይቶ አላሰላም። አንድ ነገር መዞርን የሚቋቋምበትን ልክ የሚገልጸውን «ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ» የሚለውን ስም ይዞ የመጣው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፤ እሱም በ1765። በሁለቱ መካከል ከመቶ ዓመት በላይ አለ። ታዲያ አንድ ተማሪ ሳምንት ቢፈጅበት ምን ይገርማል?

ለልጁ አጥብቄ የነገርኩት አንድ ነገር ነው፤ ፎርሙላ ከመፈለግህ በፊት «በምን ዙሪያ?» ብለህ ጠይቅ። ዘንጉን የምትመርጠው አንተ ነህ። የማታውቀው ኃይል በሚያርፍበት ነጥብ ላይ ካደረግኸው፣ የዚያ ኃይል ቶርክ ዜሮ ይሆናል። ለሚንከባለለው ጣሳ ከጣውላው ጋር የሚነካካበትን ነጥብ ብትይዝ ሰበቃው ከሒሳቡ ይወጣል፤ የሚያዞረው የክብደቱ ቶርክ ብቻ ይቀራል። ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያውን ግን በዚያው ነጥብ ዙሪያ ማስላት አትርሳ። ግማሽ ገጽ የሚፈጀው ሥራ በሁለት መስመር ያልቃል።

ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ጣውላ፣ ጣሳና ብይ የሌለበት ሰፈር ግን አላውቅም። መምህራን ይህን ምዕራፍ ሲጀምሩ ፎርሙላውን ከመጻፋቸው በፊት ተማሪዎቹን «የትኛው ይቀድማል?» ብለው ቢያስገምቱና ቢለቁት እላለሁ። የተሳሳተ ግምት በዓይን ሲፈርስ የሚተክለውን እውቀት ሽምደዳ አይተክለውም።

ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ልጁ፣ «ጋሼ፣ ጣሳው ውስጥ ያለው ውሃ ቢሆንስ?» አለ። መልሱን ራሱ እስኪደርስበት ጠበቅሁት። ውሃው ከጣሳው ጋር ለመዞር አይቸኩልም፤ የሚዞረው ቆርቆሮው ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ለመዞር የሚወጣው ጉልበት ትንሽ ነው። «ብይዋን ሳይቀር ይቀድማታል!» አለና ውሃ ሊሞላ ሄደ። እኔም ማገጃውን በብሎኬት ላጠናክር ተነሳሁ።